ንጹሁ ቤት

ዋናው ማጥፊያ ጠፍቷል፤ ፍሪጁ ግን ይሠራል። ባለሙያው በእናቱ መኝታ ቤት መካከል ወንበር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ካቻቢቴ በሌላው የተቃጠለ አምፖል እንደያዘ፣ ከኋላ ካለችው ዕቃ ቤት የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ። መጀመሪያ የጎረቤት መሰለው። ቀጥሎ መንገድ ላይ ሞተሩን አስነስቶ የቆመ መኪና መሰለው። ከወንበሩ ወርዶ በረንዳው ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሄደና ማጥፊያውን በጣቱ ነካው፤ ወደ ታች ነው። የሳሎኑን መብራት ሞከረ፤ የለም። ሬዲዮኑን ሞከረ፤ የለም። ሸሚዙን ሊተኩስበት ያጋለው ካውያም መቀዝቀዝ ጀምሯል። ቤቱ ሁሉ ጭር ባለበት ፍሪጁ ብቻውን እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ሌላ ሰው ቢሆን "ይገርማል" ብሎ አምፖሉን ይቀይርና ቁርሱን ይበላ ነበር። እሱ ግን ካቻቢቴውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ቀረ። የሚተዳደረው የጠፋ ኃይል የት እንደገባ በመፈለግ ነው፤ ያልጠፋ ኃይል ከየት እንደመጣ ግን ጠይቆ አያውቅም።

እናቱ ከጓሮ ጆግ ይዛ መጣች። ለዛሬው ችሎት የክት ቀሚሷን ገና በጠዋት ለብሳ፣ እንዳይረጥብባት ከላዩ አሮጌ ሽርጥ አስራበታለች።

"ጨረስክ እንዴ የኔ ጌታ? ካውያው እንዳይቀዘቅዝብህ።"

"እማዬ፣ ፍሪጁ መብራት የሚያገኘው ከየት ነው?"

"ከግድግዳው ነዋ።"

"ዋናውን አጥፍቼዋለሁ እኮ።"

"እሱ በዋናው አይጠፋም" አለች ጆጉን እያስቀመጠች። "ያባትህ መስመር ነው።"

የተናገረችው "ያባትህ ኮት ነው" እንደምትለው ያህል ነበር። ከዚያ የሱ ፊት ሲለዋወጥ አይታ በረንዳው ላይ ካለ ወንበር ጫፍ ተቀመጠችና ነገረችው። አባቱ ለመብራት ኩባንያው የመስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ የዚህን ሰፈር ምሰሶ ያቆሙት፣ ሽቦውንም የዘረጉት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። ያን ጊዜ አለቃቸው ለእያንዳንዱ የመስመር ሠራተኛ ከቆጣሪው በፊት አንድ መስመር ለአንድ ዕቃ ፈቀደ። በአፉ ፈቀደ፤ ማን ወረቀት ይጠይቃል። አንዱ ለምድጃ ወሰደው፣ አንዱ ለውሃ ማሞቂያ፣ አባቱ ለፍሪጅ። ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ገባ፣ በላዩ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። እናቱም በረዶ ታረጋ ጀመር። በረዶውን ዓሣ ሻጮች ይወስዱታል፣ ጭማቂ ቤቶች ይወስዱታል፣ ሰርግና ልቅሶ ያለበት ሰው ይወስደዋል፤ ልጇም በዚሁ በረዶ ተምሯል። ይህን የመጨረሻውን ያውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጓደኞቹ "የበረዶው ልጅ" እያሉ ሲቀልዱበት አብሮ ይስቅ ነበር። በረዶውን የሚያረጋው ምን እንደሆነ ግን አስቦ አያውቅም። እንዴትስ ያስብ? በዚህ ቤት ዋናው ማጥፊያ ወርዶ አያውቅም። አባቱ አምፖልም ሆነ ሶኬት የሚቀይሩት መብራቱ እንደበራ ነበር፤ ለመስመር ሠራተኛ አምፖል ለመቀየር ዋናውን ማጥፋት በጃንጥላ ገላ እንደ መታጠብ ነው ይሉ ነበር። ማጥፊያውን አውርዶ የሠራ የቤቱ የመጀመሪያ ሰው፣ የተማረው ልጅ ነው።

"ምሰሶው ላይ መለኪያ የሰቀልን ጊዜስ?" አላት። "ነቅለሽው ነበር?"

"ለምን እነቅለዋለሁ? የሌባ ቤት ነው እንዴ?"

ያልተተኮሰ ሸሚዙን ለበሰ፣ ቦርሳውን አነሣና ወጣ። የአምፖሉ መያዣ ብሎኖቹ እንደላሉ ከጣሪያው በሁለት ሽቦ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሰሶው የሚወጣው ኃይልና ቤት ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው ኃይል እኩል ሆነው አያውቁም። መካከል ላይ የሚጠፋ አለ። ጥቂቱን ሽቦው ራሱ ይበላዋል፤ ሽቦ ሲያረጅ ደግሞ ሆዱ ይሰፋል። የቀረውን ሰው ይወስደዋል። የቱ የሽቦ፣ የቱ የሰው እንደሆነ ለይቶ ለችሎት የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ይሄ ሰው ነው። ኩባንያው "የዚህ ሰፈር ሰው ኃይል ይሰርቃል፤ የሚሰርቀው በታሪፉ ላይ ተጨምሮ ሰፈሩ ይክፈለው" ብሎ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አመለከተ። ሰፈሩ ደግሞ "ሌባ አይደለንም፤ ያረጀው ሽቦ ነው" አለ፣ ጠበቃ ቀጠረ፣ ባለሙያም አገኘ። ባለሙያው ያደገው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ለመስማማት አልተቸገሩም። እንዲህ ባለ ክርክር ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ንጹህ ቤት ይፈለጋል፤ ማንም ምንም እንደማይሰርቅበት የታመነ ቤት ማለት ነው። በዚያ ቤትና በምሰሶው መካከል የጠፋው ሁሉ የሽቦው ድርሻ ነው ይባላል፤ ሌላው ቤት ሁሉ በዚያ ይመዘናል። ንጹህ ቤት ከመመረጡ በፊት ግድግዳው ይፈተሻል፤ የሙያው ደንብ ነው፣ እሱ ራሱ ለጀማሪዎች ያስተምረዋል። ለዚህ ክርክር የመረጠው ግን የእናቱን ቤት ነበር፤ በዓለም ላይ እንደሱ የሚያምነው ቤት ስላልነበረ። የገዛ እናቱን ግድግዳ የሚያንኳኳ ማን ነው? ከዚህ ቤት የጠፋው ኃይል ከጠበቀው በላይ ሲሆን ተደነቀ፤ የሌሎቹም ቤቶች ጥፋት ያንኑ ያህል ሲሆን ደግሞ ደስ አለው። "ንጹሁ ቤት ይህን ያህል ካጣ፣ ሌሎቹም ያጡት ያንኑ ከሆነ፣ የሚሰርቅ የለም፤ ሽቦው ነው" ብሎ ጻፈ። የማን ቤት እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም፤ ሳይጠየቅም አልጻፈም።

ታክሲ አልያዘም፤ እየሄደ ማሰብ ፈለገ። ማሰቡ ግን እየሄደ አልሆነለትም። የእናቱ ቤት ጥፋት የሽቦው ሳይሆን የፍሪጁ ከሆነ፣ የሌሎቹ ያንኑ ያህል ጥፋት ምንድን ነው? እነሱም አንድ አንድ ፍሪጅ ደብቀዋል ማለት ነው? የሰፈሩ ጡረተኛ አስተማሪ፣ እኚያ ለክፍል የተሰጣቸውን ጠመኔ እንኳ ቤታቸው ወስደው የማያውቁ ሰው? ወይስ የነሱ በእውነት ሽቦ ሆኖ የእናቱ ብቻ ፍሪጅ ነው? ከአባቱ ጓደኞችስ እዚሁ ሰፈር የቀሩት ስንቶች ናቸው? ደግሞ አለቃው ከፈቀደ ይሄ ስርቆት ነው? ከፈቀደና ከሞተስ? የተፈቀደለት ሰውም ከሞተስ? ፈቃድ ለሚስት ይወረሳል? መንገድ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ ያንጎራጉራል። ባለሙያው ቆሞ መኪናው በመብራት ሳይሆን በእግር የሚሠራ መሆኑን አይቶ ቀናበት። ካንድ ጥግ ሲደርስ የሚያውቀውን መንገድ ስቶ ወደ ኋላ ተመለሰ።

የሰፈሩ ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ብስኩት ትበላለች። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ከችሎት በፊት ብስኩት ካልበላች ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም ነገራት። ሳታቋርጥ ሰማችው፤ ከንፈሯን ጠረገች።

"ማን ጠየቀህ?"

"ማንም። ግን እኔ..."

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ላንተ ነው። እሺ፣ እኔ ልጠይቅህ። ስርቆት ነው ወይስ የሠራተኛ ጥቅማጥቅም?"

"አላውቅም።"

"የሌሎቹ ቤቶችስ ሽቦ ነው ወይስ ሰው?"

"አሁን አላውቅም።"

"የማታውቀውን ልትመሰክር ነው ታዲያ? አንተ ምስክር ነህ። ያየኸውን ነው የምትናገር። ሽቦውን በዓይንህ አይተኸዋል?"

ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ነው፤ አላየውም። ያየው የወረደ ማጥፊያ ነው፤ የሰማው ደግሞ ድምፅ ነው። የተናገረችው ሁሉ ትክክል መሰለው። ጠበቃዋ የቀረውን ብስኩት አካፈለችው። ያዘውና ኪሱ ከተተው።

የችሎቱ አዳራሽ ድሮ የስብሰባ ክፍል ነበር። መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ የጣሪያው ማራገቢያ ከሦስቱ ክንፎቹ አንዱ ስለተጣመመ ይወላገዳል። ከኋላ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ የሰፈሩ ሰው ተኮልኩሏል፤ ፊት ለፊት የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፤ ከሳቸው ጎን እናቱ፣ ያለ ሽርጥ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ልጇ ሊናገር መሆኑ ከፊቷ ይነበባል፤ ሰው ሲያያት ትንሽ ቀና ትላለች። ባለሙያው ቀኝ እጁን አንሥቶ ያየውንና የሚያውቀውን በእውነት ሊናገር ማለ። የኩባንያው ጠበቃ፣ በሙቀት ሱፉን የማያወልቅ ወፍራም ሰው፣ ስለ ሽቦው ዕድሜ ጠየቀው፣ ስለ ዝናብ ጠየቀው፣ መለኪያው የት እንደተሠራ ጠየቀው። ስለ ንጹሁ ቤት ምንም አልጠየቀውም። ባለሙያው እያንዳንዱን ጥያቄ ሲመልስ አንዱን እንደተገላገለ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው በደስታው ያፍራል። በመጨረሻ የችሎቱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለሥርዓቱ ያህል "የሚጨምሩት ነገር አለ?" አሉት። የለም ማለት ይበቃ ነበር።

"በንጹሁ ቤት ልኬት ላይ ጥርጣሬ አለኝ" አለ።

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። ባለ ሱፉ ግን ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

"ምን ዓይነት ጥርጣሬ?" አሉ የችሎቱ ሰብሳቢ።

"ቤቱ የኩባንያው የመስመር ሠራተኛ ቤት ነበር። በዚያ ጊዜ ኩባንያው ለሠራተኞቹ..."

የባለ ሱፉ ፊት እንደበራ ጠፋ። "ክቡር ሰብሳቢ! የኩባንያው ሠራተኞች ጥቅማጥቅም የዚህ ክርክር ጭብጥ አይደለም። እንዲመዘገብ አንፈልግም።" ይህ በር ከተከፈተ ማን ማን እንደሚወጣበት ከባለሙያው ይበልጥ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ጠበቃዋም ብድግ ብላ "በዚህ ብቻ ከባልደረባዬ ጋር እስማማለሁ" አለች። ክርክሩ ከተጀመረ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። የችሎቱ ሰብሳቢ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ባለሙያውን አዩ።

"ሁለታችሁም ካልፈለጋችሁት እኔ ምን ቤት ነኝ?" አሉ። ሰው ሳቀ። "ጥቅማጥቅሙ ጭብጥ አይደለም፤ ይታለፍ። ባለሙያው ግን ልኬቱን ከተጠራጠረ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንደገና ይለካ። ነገ ጠዋት የሁለቱም ወገን መሐንዲሶች ባሉበት። ያው ቁጥር ከመጣ ሪፖርቱ ይጸናል፣ ተጨማሪው ታሪፍም ይቀራል። ካልመጣ ሪፖርቱ ይወድቃል፤ ሰፈሩ ይከፍላል።"

ባለሙያው አፉን እንደከፈተ ነበር። "ክቡር ሰብሳቢ፣ አልጨረስኩም" ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጥቷል። ዓይኑ ወደ ኋላ ሄደና እናቱን አየ። ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛዋለች፤ ቀና ማለቷን ትታለች። አፉን ገጠመ። ቀለለው፤ በመቅለሉም ራሱን ጠላው፤ ሁለቱ በአንድ ልብ እንዴት እንደሚገቡ አልገባውም።

በር ላይ አስተማሪው ክንዱን ያዙት። "አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ነው የምናውቀው። የጠረጠረ ሰፈሩን አስመነጠረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።" ከዚያ ግን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ምንም አይደል። ይለኩት። ያንተ እናት ቤት ከሆነ ምን እንፈራለን?" የሰፈሩ ሰው በተከራዩት ሚኒባስ ታጭቆ ሲመለስ እናትና ልጅ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው ስለ ነገው ልኬት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ባለ ሱፉ ላብ ያወራል። አንድ ጊዜ ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲገባ እናቱ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፣ ሲወጣ አነሣችው።

ቤት ሲደርሱ ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ውሃ ወጥቶ በረንዳውን አልፎ መንገዱን አርሶታል። እናቱ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ፍሪጁን ነቅላው ኖሯል። "ፊትህ እንደዚያ ሲሆን ምን ላድርግ" አለችና የክት ቀሚሷን እንኳ ሳትለውጥ ጎንበስ ብላ ውሃውን በጨርቅ ታፍስ ጀመር። እሱም ጫማውን አውልቆ ሌላ ጨርቅ ያዘ። ሁለቱም ተንበርክከው፣ እየጨመቁ፣ ወደ አንድ ባልዲ። ዓሣ ሻጯ ከአጥር ውጭ ተጣራች፤ "እትዬ፣ በረዶ!" አለች።

"ዛሬ የለም።"

"ምነው? በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። የለም።"

ዓሣ ሻጯ እቃዋን ስታነሣ ባዶው ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማ። እናቱ ጨርቁን ጨመቀች።

"ነገ ሲመጡ" አለች፣ ሳታየው፣ "ይሰካ ወይስ እንደተነቀለ ይደር?"

ቀኑን ሙሉ ብዙ ተጠይቋል፤ እንዲህ ያለ ግን አልተጠየቀም። ከተነቀለ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ንጹህ ይሆናል፤ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ይወድቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሌባ ተብሎ ይከፍላል፤ ከነዚያ ውስጥ ሰርቀው የማያውቁም ይኖራሉ፣ ምናልባት ሁሉም። ከተሰካ ቁጥሩ ያው ይመጣል፤ ሪፖርቱ ይጸናል፤ እሱም የማይዋሽ ባለሙያ ሆኖ ይቀራል። ንጹህ ተብሎ እንዲቀር ቤቱ መቆሸሽ አለበት። ከዚህ ወዲያ ሊያስብ ሞከረና አቃተው፤ ሐሳቡ እንደተፈታ ክር እግሩ ላይ ተጠመጠመ።

"አላውቅም፣ እማዬ" አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ያን ሁሉ የተማርከው አላውቅም ለማለት ነው?" አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችው። ባልዲውን ይዛ ተነሣች። "በል ተነስ። ቢያንስ አምፖሌን ጨርስልኝ፤ በጨለማ ልታሳድረኝ ነው?"

ፀሐይ ገብታ ነበር። ባለሙያው በረንዳው ላይ ሄዶ ጠዋት እናቱ መልሳ ያነሣችውን ዋናውን ማጥፊያ አወረደው፤ የሳሎኑ መብራት ጠፋ፣ ቤቱ ጨለመ። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አዳመጠ። ምንም። የተወለደበት ቤት እንዲህ ዝም ሲል ሰምቶት አያውቅም። እየዳበሰ መኝታ ቤት ገባ፣ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ የተንጠለጠለውን መያዣ በጣቱ አገኘው። አንዱን ሽቦ አስገብቶ ብሎኑን አጠበቀ። ሁለተኛውን ሲፈልግ የእናቱ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰማ። የዕቃ ቤቱ በር ሲጥጥ አለ። ከዚያ ፍሪጁ እንደ ደነገጠ ሰው አንዴ ተንቀጠቀጠና ያንኮራፋ ጀመር።

የነጠላ ጫማው ድምፅ ተመለሰና መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ። መልኳ አይታይም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

"አንተ አላየህም" አለች።

ባለሙያው ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ወንበሩ ላይ ቆሟል። ጨለማ ነው።

"አላየሁም" አለ።